በር ሳታንኳኳ የገባችው እናቴና የመኸር መርከባችሁ

ለክቡር ሚስተር ሎውሪ ሃርግሬቭ
በሰሜን ሞገስ የመርከብ ጉዞ ኩባንያ የእንግዶች ደኅንነትና ምቾት የበላይ ኃላፊ
ቶሮንቶ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም የሰው ደብዳቤ ሳያነብ መልስ መጻፍ ለሚችለው ለዚያ ለማይደክመው እጅዎ ብርታት ይስጥልን እላለሁ። እኛ እዚህ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ፣ ነፋሱ ጣሪያችንን እስካልወሰደው ድረስ፣ ደኅና ነን።

ስሜ ቬርና ፓርዲ ይባላል፤ ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ባለፈው መኸር ከእናቴ ከወይዘሮ ሰሊና ፓርዲ ጋር በመርከብዎ ተሳፍሬ ነበር። እናቴ በመሥሪያ ቤትዎ አጠራር “ያለፈቃድ የምትገባ ተሳፋሪ” ናት፤ በእኛ ዘንድ ግን ለሥጋ ዘመዱም ለባዳውም አክስት ሰሊና ናት። ስለደረሰባት ነገር ሁለት ጊዜ ጽፌልዎ፣ ሁለቱንም ጊዜ “ለመኸር ሽርሽርዎ የሰሜን ሞገስን ስለመረጡ ከልብ እናመሰግናለን” የሚል መልስ ስለደረሰኝ፣ ሦስተኛውን በአገራችን ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ተገድጃለሁ። ያመሰገኑን ስለመረጥናችሁ ስለሆነ፣ እንዴት እንደመረጥናችሁ በመተረክ እጀምራለሁ።

የኩሽናችን ጠረጴዛ ላይ የሦስት የመርከብ ጉዞዎች ማስታወቂያ ብሮሸሮች ነበሩ። የመጀመሪያው መርከብ ከከተማችን ይበልጣል፤ አናቱ ላይ ሰው በዋና ልብስ የሚንሸራተትበት የውሃ ቦይ ተሠርቶለታል። እናቴ መነጽሯን አውልቃ፣ “ባሕር ላይ ተቀምጠው ደግሞ ውሃ ይፈልጋሉ?” አለችና ወደ ጎን ገፋችው። ሁለተኛው በዋጋም በምግብም የተሻለ ነበር። ወንድሜ ሊያንደር፣ “እማዬ፣ እዚህኛው ላይ እኮ የባሕሩ ምግብ፣ ሎብስተሩ፣ በየቀኑ ነው” ቢላት፣ “ሎብስተር የድሃ ምሳ ነበር፤ ትምህርት ቤት ይዤው ስሄድ ሰው እንዳያይብኝ ጀርባዬን አዙሬ ነው የምበላው። አሁን ከፍዬ ልብላው?” አለችው። ሦስተኛው የእናንተው ነበር። ገጹን ገልጣ ፎቶግራፉ ላይ እጇን አሳረፈች።

“ይሄኛው” አለች በመጨረሻ።

“ምግቡን እንኳ አላየሽም እኮ” አልኳት።

“ይሄኛው አልኩሽ፣ ቬርና።”

በፎቶግራፉ ላይ ያለችው ክሪስፒን ኮቭ ነበረች። እናቴ ተወልዳ ያደገችው፣ ያገባችውም እዚያ ነው። መንገድ የላትም፤ የሚደረሰው በባሕር ብቻ ነው። በስድሳዎቹ ዓመታት መንግሥት “ትምህርት ቤትም ሐኪምም አንልክላችሁም፣ ውጡ” ሲላቸው፣ አባቴ ቤታችንን ከመሠረቱ ነቅሎ፣ ባዶ በርሜሎች አስሮበት፣ በጀልባ እየጎተተ ባሕሩን አሻገረው፤ ዛሬም የምንኖርበት ያንኑ ቤት ነው። እኔ ሳልወለድ በሕፃንነቷ የሞተችው እህቴ አዳ ግን እዚያው ኮረብታው ላይ ቀረች። አባቴ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ፣ የመጀመሪያው ውርጭ ወርዶ ቀዩ የዱር ፍሬ ሲበስል፣ እናቴን በጀልባው ይወስዳት ነበር። ፍሬ ይለቅማሉ፣ የአዳን መቃብር ትንሽ የእንጨት አጥር ነጭ ቀለም ይቀባሉ፣ ይመለሳሉ። አባቴ ከሞተና የእናቴ ዳሌ ከተሰበረ ወዲህ ግን በሊያንደር ክፍት ጀልባ ያንን ማዕበል መሻገር የማይታሰብ ሆነ። የእናንተ ብሮሸር ደግሞ መደገፊያ ያለው መሰላል፣ ሰፊ የጎማ ጀልባ፣ ግራና ቀኝ ደግፈው የሚያወርዱ ሠራተኞች እንዳሉት ይናገራል። የቀረውን ጉዞ ሁሉ የመረጥነው ለዚያች አንድ ጠዋት ብለን ነው።

አሁን ክቡርነትዎ ከፈቀዱልኝ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ ከፎቶግራፉ ሥር “የተተወች መንደር” ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ይህንን ስታነብ፣ “ማን ተዋት? አስወጡን እንጂ!” ብላለች። ማረሚያው አንድ ቃል ብቻ ስለሆነ የኩባንያዎን ሀብት ብዙ እንደማይጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛ፤ የበር ጉዳይ። በእኛ መንደሮች ሰው በር አያንኳኳም። ቤቱ ክፍት ነው፤ ትገባለህ፣ ምድጃው አጠገብ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ ወሬ ይጀመራል። የሚያንኳኳ ፖሊስ ነው፣ አለዚያም መርዶ ነጋሪ፤ ስለዚህ የበር መንኳኳት ስንሰማ ቀድመን የምንነሳው ልባችንን ይዘን ነው። እናቴ በመርከባችሁ በሁለተኛው ቀን ከክፍላችን ወጥታ የጎረቤታችንን በር ከፈተችና ገባች። ከካልጋሪ የመጡ የጥርስ ሐኪምና ባለቤታቸው ናቸው። ሰውዬው አንድ እግር ካልሲ አድርገው ሌላውን ይፈልጋሉ። እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ “የማን ልጆች ናችሁ?” አለቻቸው። እነዚያ የተባረኩ ሰዎች መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ የአባታቸውን ስም ነገሯት፤ ካልሲውንም ያገኘችላቸው እሷ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይተዉላት ነበር።

በማግስቱ ግን የተሳሳተ ኮሪደር ውስጥ ገባች። የከፈተችው በር የካፒቴኑ ሆነና ሾርባቸውን ሲበሉ አገኘቻቸው። “ብላ ልጄ፣ ብላ፤ በእኔ ምክንያት እንዳይቀዘቅዝብህ” ብላቸው ተቀመጠች። ካፒቴኑ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሾርባቸውን ጨርሰው ስለ ዳሌዋ ጠየቋት። እኔ እየሮጥኩ የደረስኩት ከመርከቡ የደኅንነት ኃላፊዎ ጋር እኩል ነው። ኃላፊው፣ “እማማ፣ ለምን ሳያንኳኩ ገቡ?” አሏት።

“እንዴ! ፖሊስ ነኝ እንዴ?”

ካፒቴኑ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ኃላፊዎ አልሳቁም። ደኅንነት የሚያስቅ ነገር እንዳልሆነ የዚያን ዕለት ስላስተማሩኝ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ሦስተኛ፤ ኃላፊው ወደ ክፍላችን መጥተው (አንኳኩተው ነው የገቡት፣ እናቴም ማን ሞተ ብላ ክው አለች) ከእንግዲህ ሳታንኳኳ በር ብትከፍት ከመርከቡ መውረድ እንደምትከለከል ነገሯት። እናቴ በሕይወቷ ሰው ገሥጿት አያውቅም፤ ፊቷ ቀላ። ግን ክሪስፒን ኮቭ ከፊቷ አለች። “እሺ ልጄ፣ አንኳኳለሁ፤ ቃሌ ነው” አለቻቸው።

ክቡርነትዎ፣ ቃሏን እንዴት እንደጠበቀች ኃላፊው በላኩልዎ ሪፖርት ውስጥ ስለሌለ እኔ ልንገርዎ። የዚያን ዕለት ለእራት ስንወርድ ሹራቤን ረስቼ ተመለስኩ። ስመጣ እናቴ የመመገቢያው አዳራሽ በር ላይ በትሯን ተደግፋ ቆማለች፤ ክፍት በሆነው በር መቃን ላይ በጣቷ ታንኳኳለች። ሰው በአጠገቧ ይገባል፣ ይወጣል። እሷ “ግቢ” የሚላት ትጠብቃለች። አስተናጋጆቻችሁ አዩአት፣ ፈገግ አሉ፣ አለፉ። “እማዬ፣ ይሄ እኮ የሁሉም ነው፣ ግቢ” ብላት፣ “ተይኝ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ነገ ወራጅ ነኝ” አለችኝ። ለመንደሩ ሁሉ በሯን ከፍታ የኖረችን ሴት የሰው ደጅ ላይ አስቁማችሁ አስለመናችኋት።

አራተኛ፤ ያችው ጠዋት። እናቴ ጎሕ ሳይቀድ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። በሹራብ መሥሪያ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከክሩ ጥቅልል ሥር፣ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና አንድ ብሩሽ ነበሩ። በመርከብ ላይ ቀለም መያዝ ክልክል መሆኑን አሁን አንብቤያለሁና ይህንንም ከወንጀሎቿ ጋር ይደምሩልን። ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ አንድ ወጣት ሠራተኛችሁ ስሟን አየና ቀና አለ። “ይቅርታ እማማ፣ እርስዎ እንዲወርዱ አልተፈቀደም። ለራስዎ ደኅንነት ነው፤ ወጣ ብለው እንዳይጠፉብን።”

“እዚህ? የተወለድኩበት እኮ ነው። የት ነው የምጠፋው?”

“ገብቶኛል እማማ። ግን ትእዛዝ ነው።”

እኔ ጮኽኩ። አልክድም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ጮኽኩ። ቃሏን እንደጠበቀች ተናገርኩ፣ የጥርስ ሐኪሙም ከኋላዬ ሆነው “እኔ እደግፋታለሁ፣ እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ” አሉ። ካፒቴኑ ይጠሩልን ብንል፣ ውሳኔው ከመሬት፣ ከእርስዎ ቢሮ እንደመጣና ካፒቴኑ ሊሽሩት እንደማይችሉ ተነገረን። የእናቴ እግር የትውልድ መንደሯን እንዳይረግጥ የተወሰነው፣ ክሪስፒን ኮቭ በየት በኩል እንደምትገኝ እንኳ በማይታወቅበት ፎቅ ላይ መሆኑ ነው። እናቴ አልጮኸችም። ቦርሳዋን አቀበለችኝ። “አንቺ ሂጂ። ከድንጋይ ካቡ ሦስተኛዋ ናት፣ በባሕሩ በኩል። ሂጂና ቀቢላት።”

አምስተኛ፤ በሌሎች የአገር ጎብኚዎች መካከል ሆኜ በእናቴ መንደር ተንሸራሸርኩ። አስጎብኚያችሁ የሕፃናቱን መቃብሮች ከበን እንድንቆም አድርጎ፣ “እነዚህ ሕፃናት የማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ ሕዝቡ ጥሏቸው ሄደ፣ ረሳቸው” አለ። አንዲት ሴትዮ “ሚስኪን” ብላ ፎቶ አነሳች። በጥሩ አማካሪዎች የተጻፈለትን ነው ያነበበው፤ ወጣቱን አልወቅሰውም። እርስዎን ነው የምወቅሰው። “የዚህችኛዋ ስም አዳ ነው” አልኳቸው። “እናቷ መርከቡ ላይ ናት። እንዳትወርድ ከልክለዋት ነው።” ተንበርክኬ መቀባት ጀመርኩ። ጊዜው አጭር እንደሆነ ስለገባኝ መጀመሪያ የቀባሁት ወደ መርከቡ የሚያየውን ጎን ነው፣ ከላይ ሆና እንድታየው። ሁለተኛውን ጎን ስጀምር ፊሽካ ተነፋ። ሦስቱ ጎኖች እንደተላጡ ቀሩ።

ስመለስ እናቴን ክፍላችን ውስጥ አገኘኋት። እጄ ላይ ያለውን ቀለም በመሀረቧ ጠረገችልኝ። “አየሁሽ” አለችኝ። “ጎንበስ ብለሽ ስትቀቢ አየሁሽ። ነጩ ቦግ ብሎ ታየኝ፣ ልጄ። እግዜር ይስጥሽ።” ያቺን ቃል ይዤ ነው እስከ መጨረሻው ወደባችን እስከ ሴንት ጆንስ የደረስኩት፤ ያለሷ ያንን የስንብት እራታችሁን አልችለውም ነበር።

አሁን እናቴ ከወንበር ለመነሳት የሰው እጅ ትፈልጋለች። የሚመጣውን መኸር ታይ እንደሆነ ሐኪሟም አፋቸውን ሞልተው አይናገሩም። ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው ቅናሽም ካሣም አይደለም። መርከብዎ በመኸር ወደ ክሪስፒን ኮቭ ሲመጣ አንዲት አሮጊት ያሳፍርና፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፎ ኮረብታው ላይ ያድርሳት። ይህ የማይቻል ከሆነም፣ አይቻልም ብለው በገዛ እጅዎ ይጻፉልኝ፤ ምስጋናውን ግን ይተዉት።

እንግዲህ ለእንግዶችዎ ደኅንነት ሲሉ የሚያጡትን እንቅልፍ እያሰብኩ፣ ኩባንያዎ በመኸር ውበት ላይ ያፈሰሰውን ሀብት እያደነቅሁ፣ ከዚህች በርሜል ታስሮባት ባሕር ከተሻገረች፣ በሯም ለእርስዎ ሳይቀር ክፍት ከሆነች ቤት፣ ከማይበርድ ቁጣዬ ጋር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የክቡርነትዎ መራጭ ደንበኛ
ቬርና ፓርዲ

ተጨማሪ (ለእርስዎ ብቻ እንጂ ለጋዜጣው ያልሰጠሁት)፤ የሚመጣው መኸር ብሮሸራችሁ ባለፈው ሳምንት ደረሰን። ዘጠነኛው ገጽ ላይ እናቴ አለች፤ ያንን የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ የመርከቡን ብረት ተደግፋ፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሩቅ ታያለች። ከሥሩ “እንግዳችን በክሪስፒን ኮቭ ውበት ተመስጠው” ይላል። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ከፊቷ ያለው ክፍት ባሕር ነው፤ ኮረብታም ቤትም የለም። ቢሮዎ ደውዬ ብጠይቅ፣ በዚያ ጠዋት በመሬት በኩል ያለው ሰገነት ጀልባዎቹ ስለሚወርዱበት ለደኅንነት ሲባል ለተሳፋሪ ዝግ እንደነበረ አንዲት ትሑት ሠራተኛዎ አረጋገጠችልኝ። እናቴ “አየሁሽ” ያለችኝ እንዳላዝን ብላ ኖሯል። እኔም ማወቄን እንዳታውቅ ብሮሸሩን ደብቄዋለሁ፤ ሌላ እንደማትልኩ ስለማላምናችሁም በየጠዋቱ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ከእሷ ቀድሜ እደርሳለሁ። ጡረታ ለወጣች ሴት ሥራ ስለሰጡ አመሰግናለሁ።