ግድግዳውን የሞሉት ፖስትካርዶች

ደባርቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለይታያል ቢራራ፣

በሰው አገር እንደምን ከረምክ? እኔ ዛሬ ሚካኤልን ተሳልሜ፣ ስምህንም አንስቼ ተመለስኩ፤ ደኅና ነኝ።

የምትልካቸው ፖስትካርዶች ግን አስቸገሩኝ። ሣጥን ውስጥ ባስቀምጣቸው ጠርዛቸውን አይጥ በላው። በሚስማር ብሰቅላቸው የግድግዳው ጭቃ ረገፈ። ቢቸግረኝ ግድግዳው ላይ እንዳለው ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኳቸው። ጎረቤታችን በለጠች አይታ፣ «ጋሼ ቢራራ፣ ልጅዎ የጻፈውን ለጭቃው አስነበቡት እኮ» ብላ ሳቀችብኝ። ለካ ጽሑፉ በጀርባቸው መሆኑን ረስቼው ነው! አንዱን በቢላ ላላቅቅ ብል ተቀደደብኝ፤ በራሴ በጣም ተናደድኩ። አሁን ደግሞ ወደ እመቤታችን ሥዕል ተጠግተዋል። ስጸልይ ዓይኔ ፖስትካርዶቹ ላይ ወዳለው ባሕርና ድልድይ ይሸሻል፤ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን እላለሁ።

ብረት ፋብሪካ ገባሁ ካልክ ወዲህ የመጡትን አልለጠፍኳቸውም። ጀርባቸው ባዶ ነው። አድራሻዬን የጻፈውም ሌላ ሰው ነው፤ የአንተን እጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ። በለጠች «ሥራ በዝቶበት ነው» አለችኝ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያው እላለሁ፤ የብረት ማሽን እጅ ይቆርጣል ሲባል ግን ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ግድግዳው ሞልቷል፤ ሥዕል አትላክልኝ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይበቃኛል። በግራ እጅህም ቢሆን፣ ቢጣመምም ግድ የለኝም፣ ስምህን ብቻ ራስህ ጻፍልኝ። እሱን አልለጥፈውም።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ።

አባትህ ቢራራ ገዱ