መርዶዬን ለያዘብኝ የሩቅ ሰፈራ ኮሚሽን

ለተከበሩ ጓድ ኮሚሽነር
የሩቅ ሰፈራ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ናይሮቢ፣ ነሐሴ 1977 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎም የቤተሰብዎም ጤና እንደ ኮሚሽንዎ ዜና ሁልጊዜ ያማረ ይሁን። እህተማርያም መኳንንት እባላለሁ፤ ፓርክላንድስ ውስጥ ባለቤቴ የተወልኝን ትንሽ ሱቅ የምጠብቅ፣ ማንበብንም በርበሬ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ላይ ለብቻዬ የተማርኩ ሴት ነኝ። ወንድሜ ዓምደሚካኤል ከስድስት ዓመት በፊት በመንኮራኩር ተጭነው ከጨረቃ እጅግ ርቆ ወዳለው ፍሬ አብዮት ሰፈራ ከሄዱት አንዱ ነው። ይህን በጋዜጣ በግልጽ መጻፌ፣ በፖስታ የላክኋቸውን ደብዳቤዎች በጥንቃቄ አስቀምጣችሁልኝ ይሆናልና መዝገብ ቤትዎን እንዳላጨናንቅ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምስጋና ወረቀቱ አመሰግናለሁ። ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ ሲታደን፣ እስር ቤት ከመግባት ሰፋሪ ሆኖ መመዝገብ ይሻላል ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነበርኩ፤ ኮሚሽንዎም ይህን ሳይረሳ «አርአያ የሰፋሪ እህት» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ልኮልኛል። ያልሰቀልኩት ግድግዳዬ ጠባብ ስለሆነ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ወንድሜ ባለፈው ሰኔ በሬዲዮ በላከው መልእክት የዘንድሮው ዝናብ መልካም እንደሆነ ነግሮኛል። የኮሚሽንዎ መጽሔት ግን በዚያ ምድር አየርም ደመናም እንደሌለ፣ ሰፋሪው በብረት ጣራ ሥር እንደሚኖር ይገልጻል። ዝናብ ስላስገባችሁላቸው እንኳን ደስ አላችሁ።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ባለቤቴ ባንታየሁ በ1974 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ ለወንድሜ መርዶ እንዲነገርልኝ ወደ ናይሮቢ ቢሯችሁ ሄጄ ነበር። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ቤት ድረስ ሄዶ የሚናገረው ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ዘመድ የለውምና ከሰፋሪዎቹ አንድ ሽማግሌ ይንገረው ብዬ ለመንኩ። የቢሮው ኃላፊ ጓድ ካሣሁን በደንብ ተቀበሉኝ፣ ሻይም አዘዙልኝ። የሞት ዜና ወደ ሰፈራው እንዳይወጣ፣ ከሰፈራውም እንዳይወርድ መመሪያ መኖሩን አስረዱኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ እህተማርያም፣ ቢሰማ ምን ይጠቅመዋል? ከሥራው ይፈታል እንጂ። ጋሽ ባንታየሁ ደህና ናቸው ብለን እንላክለት» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ባለቤቴ ለወንድሜ ሰላምታ ያቀርባል፤ ስለ ሱቁ ያወራል፣ አንዴም ቀልዷል። የምፈርምለት እኔ ነኝ።

ቀድሞ የወንድሜ መልእክት ሁሉ ጥያቄ ነበር። እናታችን ጉልበቷ እንዴት ነው፣ ጋሽ ባንታየሁ ማጨስ ተዉ ወይ፣ ይለኝ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ደህና ነው፣ ይሠራል፣ ይስቃል፤ የጠየቅኩትን አይመልስም፣ እሱም ምንም አይጠይቅም። ባለቤቴም ከሞተ ወዲህ ጠይቆ አያውቅም፤ ለሞተ ሰው ሰላምታ መጻፍ ቀላል እንደሆነ፣ ጥያቄ መጻፍ ግን እጅ እንደሚይዝ ከልምድ አውቃለሁ። እዚያም እንደ እኔ ለመፈረም እሺ ያለ ሰው እንዳለ ገባኝ። አልተቆጣሁም። እንባም አልመጣልኝም፤ መርዶው ላልተነገረ ሰው እንዴት እንደሚለቀስ አላውቅበትም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ወንድሜ ሞቶ ከሆነ፣ ሱቁን ሳልከፍት አንድ ሰው ማልዶ በሬን ያንኳኳ። እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የሚመጣ ካልተገኘ፣ መስከረም ሲጠባ ቤቴ ለቅሶ እቀመጣለሁ፤ ይህን ያነበበ የናይሮቢ ሰው ሁሉ ይምጣልኝ። በሕይወት ካለም ለቅሶውን ንገሩትና አንድ ጥያቄ ይጠይቀኝ፤ ያን ጊዜ ድንኳኑን በገዛ እጄ አፈርሳለሁ።

ሞትን በመመሪያ ስላስቀሩልን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በዚሁ መመሪያ መሠረት እስከ ዛሬ ባለትዳር ሆኜ የቆየሁት፣

እህተማርያም መኳንንት

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ ለአብዮት በዓል ለሰፋሪዎች ንግግር እንዲያደርግ ታዟል። እኔ ከእንግዲህ ስለማልፈርምለት፣ ጓድ ካሣሁን ራሳቸው ሄደው ቃሉን ይቀበሉት። በመቃብር ቦታው በር ሲገቡ በስተግራ ነው፤ ቀጠሮ አያስፈልግም።