ወደ ጂም የምይዘው የአባዬ ሽጉጥ

ይድረስ ከባሕር ማዶ፣ ከበረዶው አገር ለሚኖረው ወንድሜ ለሮይስ።

እንዴት ከርመሃል ወንድምዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ የጀርባ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ያንገላታሃል? ባለቤትህ ማሪትስ ደህና ናት? ልጃችሁ ቱቫዬስ ምን አከለች? የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች ወይስ ገና ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ናፍቆቱ ግን ቀላል እንዳይመስልህ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዶሮ የምጠብሰው አሁንም ለአራት ሰው ነው። የተረፈውን ውሻው ይበላዋል፤ ውፍረቱን ብታይ ጥጃ ነው የምትለው።

ይኸን ነገር በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ሦስታችሁም ስልኩን ከባችሁ ስትሰሙኝ ድምፄ ይከዳኛል። ስለዚህ አባዬ ይቀመጥባት ከነበረችው ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ሆኜ እየጻፍኩልህ ነው።

በደወልክ ቁጥር፣ ሌሎቹ ከስልኩ ራቅ ሲሉልህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር አለ፤ 'ይዘሽዋል ወይ?' ትለኛለህ። አባዬን ለመቅበር ብቻህን መጥተህ ስትመለስ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አቅፈኸኝ፣ 'ከከተማ ዳር ብቻሽን ነሽ፤ የአባዬን ሽጉጥ ሳትይዢ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ' ብለህ አስምለኸኛል። እኔም ቃሌን ጠብቄአለሁ። ገበያም ይዤው እሄዳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ አሁን ደግሞ ጂምም።

አዎ፣ ጂም ገብቻለሁ፤ አትሳቅ። ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለክቶ፣ 'ወይ ተንቀሳቀሺ ወይ መድኃኒቱን እጨምርልሻለሁ' አለኝ። ያ ድሮ የትራክተር መለዋወጫ ይሸጥበት የነበረው ቤት ትዝ ይልሃል? እዚያ ኬንድራ የምትባል ልጅ ጂም ከፍታለች። ጠዋት ጠዋት የምንሠራው በዕድሜ ገፋ ያልነው ሴቶች ነን። እዚያ ሽጉጥ መያዝ ነውር አይደለም፤ ማሳየት ነው ነውሩ። ማን እንደያዘ አይጠየቅም፣ የያዘችም አትናገርም። አባዬ 'ሽጉጥና የውስጥ ሱሪ መኖሩ እንጂ መታየቱ አያስፈልግም' ይል አልነበር?

ግን እስቲ ንገረኝ፣ በስፖርት ልብስ ሽጉጥ የት ይደበቃል? ቀበቶ የለው፣ ኪስ የለው፣ ሰውነት ላይ ልጥፍ ያለ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ሰፊ መቀነት ወገቤ ላይ ጠምጥሜ በሱ ውስጥ ሻጥኩት፤ ከላይ ያንተን የትምህርት ቤት ኳስ ቡድን ቲሸርት ደረብኩበት። ጎንበስ ስል ሰደፉ ጎኔ ላይ ጉብ አለ። ኬንድራ አይታ፣ 'ኔዲን፣ እባጭ ነገር ወጣብሽ እንዴ?' አለችኝ። 'የቆየ ነው፣ ከአባቴ የወረስኩት' አልኳት። መኪና ውስጥ ልተወው ብል ለሌባ ሲሳይ ማድረግ ነው። ልብስ መቀየሪያው ሣጥን ውስጥ ልቆልፍበት ብል ደግሞ፣ 'ከእጅሽ የራቀ ሽጉጥ ያንቺ አይደለም' ያልከኝ ይመጣብኛል።

በመጨረሻ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞቹ ባዛር ላይ አንድ ሰውዬ ግራጫ የወገብ ቦርሳ ሲሸጥ አገኘሁ። 'ሲያዩት የስልክ ቦርሳ ነው፤ ከኋላው ግን የሽጉጥ ኪስ አለው፤ ማንም አይጠረጥርሽም' አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማንም አልጠረጠረኝም። ያልነገረኝ ያንኑ ቦርሳ ለግማሽ ከተማው መሸጡን ነው።

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ፣ ስፖርቱ አልቆ፣ ቦርሳዬን ከምንጣፉ ዳር አንስቼ ታጥቄ ወደ ቤት ሄድኩ። ክብደቱ ያው ነው፣ ምን ብዬ ልጠርጥር? ቤት ገብቼ ዚፑን ስከፍተው ግን ውስጡ ያለው ሌላ ሽጉጥ ነው። አዲስ፣ ትንሽዬ፣ ሰደፉ ሐምራዊ። የአባዬ ሰደፍ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ እንዴት እንደተላጠ ታውቀዋለህ። እጄን እዚያ ላይ ሳሳርፍ እጁን የያዝኩት ይመስለኛል፤ ከሱ የቀረኝ ይኸው ሽጉጥ ነው። ማንን ልጠይቅ? 'ይቅርታ፣ የኔን ሽጉጥ ወስደሻል ወይ?' እያልኩ ቤት ለቤት ልዙር? ያልወሰደችውን ከጠየቅሁ ለከተማው ሁሉ ማወጄ ነው።

በማግሥቱ ጂሙ ሳይከፈት ደረስኩ። እትዬ ኦሊታ፣ ከኛው ጋር ስፖርት የሚሠሩት፣ ያኔ ፖስታ ቤት ይሠሩ የነበሩት፣ አንተን ጆሮህን ይቆነጥጡህ የነበሩት፣ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። መስታወቱን ዝቅ አድርገው 'ግቢ' አሉኝ። ገባሁ። ገና በሩን ሳልዘጋ፣ 'ሐምራዊው የኔ ነው፤ ቀለሙን የመረጠችው የልጅ ልጄ ናት፤ ከሳቅሽ ወዮልሽ' አሉና የአባዬን ከጭናቸው ላይ አንስተው ሰጡኝ። የኔ መሆኑን እንዴት እንዳወቁ ብጠይቃቸው፣ 'የአባትሽን የሃርላንን ሽጉጥ የማያውቅ ማን አለ? ከወገቡ ወርዶ ያውቃል?' አሉኝ። ቀጥለው፣ 'ጥይቱንስ ምን አደረግሽው? ባዶ እኮ ነው' አሉ።

ሽጉጥ እጃቸው ሲገባ የጥይት ካርታውን መዝዘው ፈትሸዋል፤ ደንቡ ነው። ይኸን ሁሉ ጊዜ ያልፈተሽኩት እኔ ነኝ። 'ማንኛውንም ሽጉጥ ጥይት እንደ ጎረሰ ቁጠሩት' ብሎ ያሳደገን አባዬ አይደል? እኔም እንደ ጎረሰ ቆጥሬ፣ እንደ እንቁላል ስጠነቀቅለት ከረምኩ። የሱ እጅ እንዳስቀመጠው ይቆይልኝ ብዬም ነው፤ ልነካካው አልፈለግሁም።

'እኔ አላወጣሁም' ስላቸው መሪውን ጨበጥ አደረጉ። ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ደግሞ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። 'እንግዲያው እውነቱን ነበር ያ ግትር ሽማግሌ' አሉኝ።

የዚያን በጋ ጠብ መቼም አልረሳኸውም። ማሪት 'ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ባለበት ቤት ልጄ አታድርም' አለች። አባዬ 'በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ቀበቶዬ ማንም አያዘኝም' አለ። ቱቫን ከነአሻንጉሊቷ ተሸክማችሁ ወጣችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ማሪትም ልጇን አላመጣችም፣ አባዬም ሽጉጡን ሳይፈታ ሞተ። እኛ የምናውቀው ይኸንን ነበር። ለካስ እናንተ በሄዳችሁ ሰሞን ፖስታ ቤት ሄዶ ለእትዬ ኦሊታ 'ጥይቱን አውጥቼዋለሁ' ብሏቸው ኖሯል። 'ታዲያ ደውለህ አትነግራትም?' ቢሉት፣ 'እኔ አልደውልም፤ መጥታ በዓይኗ ትየው' አለ። እሳቸውም ሽጉጡን በየቀኑ ወገቡ ላይ ስለሚያዩት ቀልዱን ነው ብለው ተዉት።

አየህ ወንድሜ? እሱ ባዶ ብረት ታጥቆ በር በሩን ሲያይ ኖረ፤ እኛም በባዶ ብረት ተለያየን። አንጀቴ እርር ነው ያለው። በሕይወት ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ እጮህበት ነበር፣ ከዚያ አቅፌው አለቅስ ነበር።

ቤት ተመልሼ ጥይቱን ፈለግሁ። ወጥ ቤት የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ልጅ ወንበር ላይ ብትቆም እንኳ የማትደርስበት ቦታ፣ ከኮምጣጤው ጠርሙሶች ኋላ አገኘሁት። የቋጠረው በቱቫ ካልሲ ነው። ያቺ ዝንጀሮ ያለባት፣ 'አንደኛዋ ጠፋች' ብላችሁ በስልክ ያስፈለጋችሁኝ ካልሲ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለምን እዋሽሃለሁ።

እትዬ ኦሊታ 'ዛሬውኑ አጉርሺው፤ ባዶ ሽጉጥ ከመዶሻ አይሻልም' ብለው ተቆጡኝ። አንተም እንደምትቆጣ አውቃለሁ። እኔ ግን አላጎረስኩትም። አባዬ ጥይቱን ያልመለሰው ልጅቱ አንድ ቀን በዚያ በር ሮጣ ትገባለች ብሎ ነው፤ እሱ በጠበቀው እኔ እንዴት ተስፋ ልቁረጥ? ለአንተ የማልኩት ልይዘው ነው፤ ይዤዋለሁ። ከዚህ ያለፈውን ቁጣ መጥተህ ተቆጣኝ።

ደግሞ አትስጋ፣ ብቻዬን አይደለሁም። እትዬ ኦሊታ መኪናቸውን ከመኪናዬ አጠገብ እያቆሙ፣ 'የኔ ለሁለታችንም ይበቃል' እያሉ በር ድረስ ያጅቡኛል። ዳግመኛ እንዳይቀያየር ቦርሳቸው ላይ ቀይ ክር አሰርኩላቸው። በሳምንቱ አንዷ አረንጓዴ፣ ሌላዋ ቢጫ አስራ መጣች። ማንም ምንም አላለም፤ ኬንድራ ብቻ 'ይኸ ደግሞ ምን ዓይነት ፋሽን ነው?' እያለች ትጠይቃለች።

እትዬ ኦሊታ 'ጆሮውን ቆንጥጬዋለሁ በይው' ብለውሃል። ውሻው ደህና ነው፤ ያንተን ቲሸርት ስለብስ እያሸተተ ይከተለኛል። ቱቫዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ ካልሲዋ እንደተገኘች፣ ታጥባ በር ላይ እንደተሰቀለች ንገራት። አሁን እንደማትበቃት አውቃለሁ፤ ትምጣና ትለካት። ማሪትን አጥብቀህ ሰላም በልልኝ። ይኸን ደብዳቤ ስታነብላት አንድም ቃል አትዝለልባት። አባዬ ይቅርታ ማለት አያውቅም ነበር፤ ይቅርታው ይኸው ነበር። መጥታ በዓይኗ ትየው።

የምትናፍቅህ እኅትህ
ኔዲን

ሬድ ሚል፣ ኦክላሆማ
ኦክቶበር 9 ቀን 2022