ወደ አልጋቸው የተመለሱት የጋሽ ተኛበት የሕይወት ታሪክ

አባታችን በ1951 ዓ.ም. በወርሃ ጥር ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በዚያው ዓመት አናጺው አያታችን ለወገብ ሕመም ጀርባቸው በሰፊው ተቀዶ ቢታከሙም ዳግም ቆመው ሳይሄዱ ቀሩ። አባታችንም ትምህርታቸውን አቋርጠው ፍራሽ ቤት ተቀጠሩ።

በ1974 ዓ.ም. ፍራሽ እየሰፉ የሚሸጡበትን የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ገዢ ጫማውን አውልቆ ካልተጋደመ በቀር ፍራሽ አይሸጡም ነበር። ያፈረውን ሁሉ «ግድ የለህም፣ ተኛበት» እያሉ ስለሚያግባቡ ሰፈሩ ጋሽ ተኛበት አላቸው፤ እናታቸው ያወጡላቸው ስም በዚያው ተረሳ። እናታችን ለእህታቸው ፍራሽ ሊገዙ መጥተው፣ በሰው ፊት አልጋደምም ብለው ሲከራከሯቸው ተዋወቁ። በ1977 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ2012 ዓ.ም. ፍራሽ ሲሸከም የኖረው ወገባቸው ከዳቸው። በታችኛው አከርካሪያቸው ያለው ዲስክ ከቦታው ወጥቶ ነርቭ ስለተጫነ ሕመሙ እስከ እግር ጣታቸው ይወርድ ነበር። ለሰው ምቾት ሲሰፉ የኖሩት አባታችን መሬት ላይ ካልተጋደሙ በቀር እንቅልፍ አልወስዳቸው አለ። እናታችንም አልጋውን ትተው አጠገባቸው ወረዱ። ኦፕራሲዮን ሲባል ግን የአያታችን ነገር እየታወሳቸው ጆሮ አይሰጡም ነበር።

ዘንድሮ አንዲት ሐኪም በጥፍር ስፋት ቀዳዳ ቀጭን ቱቦና ካሜራ አስገብተው፣ ነርቩን የተጫነውን ቁራጭ ብቻ እንደሚያነሱላቸው አስረዷቸው። አባታችን እሳቸው አንዲት የተሰበረች ሞላ ለማውጣት ፍራሹን ከዳር እስከ ዳር እንደሚተረትሩ ነግረው ሐኪሟን አሳቋቸው። እሺ ያሰኛቸው ግን የእናታችን ጉልበት ከመሬት መነሳት ሲያቅተው ማየታቸው ነው።

ኦፕራሲዮን በሆኑ በማግስቱ በእግራቸው ቤት ገቡ። ከባድ ነገር እንዳያነሱ ስለተከለከሉ ወንድማችንን እያዘዙ ለእናታችን አዲስ ፍራሽ አሰፉ። እናታችንም በልጆቻቸው ፊት ጫማቸውን አውልቀው ሳይከራከሩ ተኙበት። ከስንት ዓመት በኋላ ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ አደሩ፤ ጠዋት ሳቃቸው እስከ ጓዳ ይሰማን ነበር።

ደስታችን አልበረከተም። እግራቸው ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባቸው ሄዶ፣ ሐኪሞች ቢረባረቡም፣ መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ተለዩን። አንጀታችን ተቆርጧል።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አዲሱ ፍራሽ አንሶላው እንደተነጠፈ ነው። ብንለምናቸውም እናታችን አልጋው ላይ አልወጡም፤ መሬት ላይ፣ የአባታችንን ቦታ ባዶ ትተው ዳር ይተኛሉ።

የሰውን ሁሉ ጎን ሲያሳርፉ የኖሩትን አባታችንን አምላክ በማይጎረብጥ ማረፊያ ያሳርፍልን።