ስኳር የባለርስት በሽታ ነው ላሉኝ ለክሊኒካችን ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ወንድይፍራው
የሰፈራችን ክሊኒክ ኃላፊ
ኮልፌ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱልን? ፈጣሪ ይመስገንና እርስዎም አምሮብዎት፣ ክሊኒክዎም ቀለም ተቀብቶ ማየታችን የሰፈሩ ሁሉ ደስታ ነው። እኔ አጸደ፣ የልብስ ሰፊው የጌታሁን ባለቤት፣ ስምንት ወር የገባኝ ነፍሰ ጡር ስሆን፣ ስለዋሉልኝ ውለታ በአካል ቀርቤ እንዳላመሰግን እግሬ ስላበጠ በጽሑፍ ለማመስገን ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ እናቴ በስኳር በሽታ መሞቷን፣ እኔንም ቀን ከሌት የውኃ ጥም እንደሚያቃጥለኝ ነግሬዎት ሽንቴ እንዲመረመር ብለምን፣ ስኳር የባለርስት በሽታ እንጂ የልብስ ሰፊ ሚስት በሽታ አለመሆኑን በትዕግሥት ስላስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እናቴ ቡናዋን በጨው የምትጠጣ ድኻ ሳለች ከአቅሟ በላይ በሆነ በሽታ መሞቷ ድፍረት ነውና ይቅርታ ይደረግላት።

ሁለተኛ፣ የጋብቻ ቀለበቴ ባበጠው ጣቴ ላይ ተጣብቆ አልወጣ ማለቱን ባሳይዎት፣ «ትዳርሽ የጸና ነው» ብለው መርቀው ሸኝተውኛል። ምርቃትዎ ደርሷል፤ ቀለበቱ ከጣቴ፣ እኔም ከቤቴ መውጣት አቅቶናል።

ሦስተኛ፣ በመስታወት ቁም ሣጥን ቆልፈው በሚያኖሩት የደም ብዛት መለኪያ የሰፈራችንን ባለርስት፣ ግራዝማችን፣ በየሳምንቱ እንደሚለኳቸው ሰምቼ፣ ለእኔም አንድ ጊዜ ቢያወጡልኝ ብዬ ነበር። ግራዝማች ነፍሰ ጡር ባይሆኑም ማዕረጋቸው ከእርግዝናዬ እንደሚቀድም ማሰብ ነበረብኝ። አማቴ ወይዘሮ አስካለማርያም ግን «ደም ቢበዛ ምን ይከፋል፣ ልጅ የሚሠራው በደም አይደል?» ሲሉ፣ እርስዎም ፈገግ ብለው «ልክ ነዎት፣ እማማ» ስላሏቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ጠዋትና ማታ በግድ እበላለሁ። አልበላም ስል የልጅ ልጃቸውን ያስራብኩ ጨካኝ እባላለሁ።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልሂድ ብል ያለ እርስዎ ወረቀት አይቀበሉኝም። እርስዎ ወረቀት የሚጽፉት ለታመመ ነው፤ የታመመ ሰው ደግሞ በእርስዎ ዘንድ የከሳ ሰው ነው፤ እኔ ወፍሬያለሁ። ባለቤቴም «ሐኪሙ ጤነኛ ነሽ ካለ ምን ያንከራትትሻል?» ይለኛል። ስለዚህ ጤነኛ ተብዬ፣ የሚፈልጠኝን ራሴን በሻሽ አስሬ፣ ዓይኔ ብዥ እያለብኝ ተቀምጫለሁ።

ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ። የመጀመሪያ ልጄ ከመጠን በላይ ገዝፎ ምጥ ላይ ሲሞትብኝ፣ ለቀስተኛው ሁሉ፣ እርስዎም ጭምር፣ «ምን ያለ ወጠምሻ ነው!» እያላችሁ ቀብራችሁልኛል። ይኸኛውን እንዲያደንቅልኝ የምፈልገው ሰው የለም። ሲያለቅስ መስማት ብቻ ነው የምፈልገው።

እያመመኝ ጤነኛ መሆኔን የመሰከሩልኝን ሰው ውለታ እስከ ዕለተ ሞቴ፣ ማለትም ለጥቂት ጊዜ፣ የማልረሳ፣
ከነቀለበቴ እጅ የምነሳ፣
አጸደ
ኮልፌ፣ ግንቦት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በክሊኒክዎ በር ላይ የለጠፈችልኝ ጎረቤቴ አልፊያ ናት። በጓሯችን ሽንቴን ጉንዳን ሲወረው ያየችውም እሷው ስትሆን፣ ጉንዳኖቹ ባለርስት መሆን አለመሆኔን ሳይጠይቁ መርምረውኛል። እርስዎም ቢሆኑ ጨርሶ አልረፈደብዎትም፤ ለቀብሬ ሲመጡ መለኪያውን ይዘው ይምጡ። ያን ጊዜ ደሜ በዝቶ አያስቸግርዎትም።