ያንኮና ጸጉራሟ ንብ

ማርች 9
በረዶው ከጣሪያው ሲንጠባጠብ ዋለ። ልብስ አጠብኩ፤ ሾርባ ሠራሁ። ባሌ ያንኮ ሦስት ማንኪያ ቀመሰና ወደ መስኮቱ ዞረ። ልቡን ኦፕራሲዮን ከሆነ አራት ወሩ። ሐኪሙ "ይራመድ" ይላል፤ እሱ ደጅ አልወጣም ብሏል። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ አሁን የማወራው ከጀርባው ጋር ነው...

ማርች 12
ልጃችን ቬስና ከምትኖርበት ከተማ ከሉብሊያና መጣች። ቤቱን የሚገዛ ሰው አግኝታለች።
"እማዬ፣ ብቻሽን አትችይውም። እኔ ጋ ኑ።"
እውነቷን ነው። አባቷን ጠየቀችው። "እንደፈለጋችሁ" አለ።
ቤቱን በገዛ እጁ የሠራ ሰው... እንደፈለጋችሁ?

ማርች 17
ፀሐይ። ጓሮው ውስጥ ሐምራዊዎቹ አበቦች ብቅ ብለዋል። ድንች ስልጥ ያንኮ ከመስኮቱ ጠራኝ።
"ሚልካ፣ አበባው ሥር ንብ ወድቃለች።"
"ሞታ ይሆናላ።"
"እግሯ ይንቀሳቀሳል።"
እጄን እስክጠርግ እንኳ አልጠበቀኝም። በነጠላ ጫማ ወጣ። ስኳር በጥብጬ በማንኪያ ይዤ ተከተልኩት። ተንበርክኮ አቀረበላት። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል፣ ጸጉራም፣ ጥቁርና ቢጫ። ጠጣች። ቆይታ ቆይታ እያጉረመረመች በረረች።
"ብርድ ነው የያዛት" አለ።
ተደግፎኝ ገባ።

ማርች 18
ዝናብ። ወጥቶ ንቧን ፈለጋት፤ አጣት። ተበሳጨ። ባሌ ሲበሳጭ ደስ ይለኛል እንዴ?

ኤፕሪል 6
አገኛት። ዕቃ ቤቱ ሥር፣ አይጥ በተወችው ጉድጓድ ትገባለች። "ጎጆ እየሠራች ነው" አለና በርጩማ ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ጎረቤታችን ሎይዜ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።
"ያንኮ፣ ዘበኛ ሆነህ ተቀጠርክ?"
"አዎ። የምጠብቀው አንተን ነው። ያን የሣር ማጨጃህን ይዘህ እንዳትጠጋ።"
ሎይዜ ሳቀ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሜይ 10
ልጆቿ መውጣት ጀመሩ። ዝንብ ዝንብ የሚያካክሉ። ያንኮ ሲቆጥራቸው አረፈደ።
ስልክ ጮኸ። ቬስና ናት፤ ገዢው መልስ ይፈልጋል። ከጓሮ ገብቶ ቀደመኝና አነሳው።
"ቬስና፣ ቤቱ አይሸጥም።... አይ፣ እናትሽ ብቻዋን አይደለችም። እኔ አለሁ።"
ዘግቶ ወደኔ ዞረ።
"አንቺ ሴትዮ፣ ሳታማክሪኝ ልትሸጪው ነበር?"
"ጠየቅንህ እኮ። እንደፈለጋችሁ አልክ።"
ትንሽ አሰበ።
"ታምሜ ነበራ" አለ።