በስምሽ የተከመረ ድንጋይ

ይድረስ ለእታለም፣ ከእናቴ እኩል ላሳደገችኝ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደረትሽስ እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትይዣለሽ? ልጆቹስ? ትንሹ የፊት ጥርሱ ወለቀ ሲሉኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እኛ ጌታ ይመስገን፣ ሳንታመም፣ ሳንራብ አለን። ባለቤቴ የአገሩን ቋንቋ እንደ ድንጋይ እየቆረጠመው ነው። ባለፈው ተማሪዎቹን «ተቀመጡ» ያለ መስሎት «ተጋቡ» ብሏቸው ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኛ ፖስታ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ያልፋል፤ አንቺ ዘንድ ሳይደርስ ሌላ እጅ ይከፍተዋል። በስልክም ልነግርሽ ጀምሬ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ተሳሰረ። ስለዚህ ወደ አገር ቤት በምትመለሰው ነርስ እጅ ሰድጄዋለሁ፤ ካንቺ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አደራ ብያታለሁ። አንቺም ብቻሽን ሆነሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ቁጭ ብለሽ ማለቴን እንዳትንቂው።

ከመምጣታችን በፊት ካንቺ ጋር በየአጥቢያው የዞርንባቸው ወራት ትዝ ይሉሻል? ፕሮጀክተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ በተቀበሉን ሰዎች ሳሎን ሶፋ ላይ እያደርን፣ በማናውቀው ሰው ማቀዝቀዣ በር ላይ የራሳችን ፎቶ «ጸልዩላቸው» ተብሎ ተለጥፎ እያየን። ባለቤትሽ ጋሼ እዚህ ታገለግሉበት ስለነበረው ትምህርት ቤት ያስረዳሉ፤ ሰውም በትሕትና ያዳምጣል፣ ሰዓቱንም ያያል። ከዚያ አንቺ ትነሺና የጭራሮን ነገር ታወሪያለሽ። ወላጆቿ የሞቱባት፣ ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ እሳት ያቃጠላት፣ ከደጅሽ አንስተሽ ያሳደግሻት፣ ፊደል ያስቆጠርሻት፣ ከቅጥነቷ የተነሳ ጭራሮ ያልሻት ልጅ። ታመሽ ወደ ዋናው ከተማ ሆስፒታል ከተወሰድሽ በኋላ ትኩሳት እንደወሰዳት፣ እጇን ሳትይዢ፣ አፈር ሳታለብሻት እንደተቀበረች ስትናገሪ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ከዚያ ልቅሶው ይነሳል። ለአገልግሎቱ የሰጠ ሁሉ እንባውን እየጠረገ ነበር የሚሰጠው። እኛንም የላከን ያው እንባ ነው።

አንድ ነገር ግን አሁን ነው የማስበው። አንቺ ስታወሪ ጋሼ አንድም ቀን ተቀምጠው ሲሰሙሽ አላየኋቸውም። ወይ ገመድ ያስተካክላሉ፣ ወይ መኪናውን ልይ ብለው ይወጣሉ። አንድ ቀን «ይህን ታሪክ ተይው፣ ያምሻል» ቢሉሽ፣ «እኔ ካልተናገርኩላት ማን ይናገርላታል?» ብለሽ በሰው ፊት ተቆጣሻቸው። ከዚያ ወዲህ ዝም አሉ።

ስንሸኝ የወጣቶቹ ኅብረት ያሠራውን የእንጨት ሰሌዳ ታስታውሻለሽ። «ለጭራሮ መታሰቢያ፣ እስክንገናኝ» ብለው በፊደላችን አስቀርጸውበት፣ በልብሳችን መካከል ሸጉጠን አመጣነው። መቃብሯ ላይ አቁመን ፎቶ እንድንልክ፣ ፎቶውም ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ገንዘብ በሚሰበሰብበት በትልቁ ጉባኤ ላይ እንዲታይ ነበር።

እዚህ የነበራችሁበት ቤት አንቺ እንደተውሽው ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት አሁንም በሽቦ ታስሯል፤ የወጥ ቤቱ በር ሲከፈት እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። እንደገባን ሰሞን፣ ሳህን እያጠብኩ ሳለሁ ከአጥሩ ማዶ ድምፅሽን ሰማሁ። የሌላ የማንንም አይደለም፣ ያንቺን ድምፅ። በኛ ቋንቋ፣ እናታችን በምትለው፣ አንቺም ከሷ በቀዳሽው አባባል፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ቤት የለሽም እንዴ? ምነው ዛሬስ ቅብጠትሽ በዛ!» ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። ሮጬ ስወጣ ሰው የለም፤ አንዲት ዶሮ ብቻ እየተንጎማለለች ትሄዳለች።

ለባለቤቴ ብነግረው «የናፍቆት ጆሮ ነው» አለኝ። በሌላ ቀን ደግሞ ዜማ ሰማሁ። አንቺ ልጆችሽን ስታስተኚ የምታንጎራጉሪው፣ መካከሉ ላይ ሁልጊዜ የምትሳሳቺበት። የምታዜመውም እዚያው ላይ ስትደርስ እዚያው ላይ ተሳሳተች። እህቴ ሞታ ደብቀውኝ ይሆን አልኩ። ያን ቀን ነው በስልክ «አለሽ? በሕይወት አለሽ?» ብዬ የጮህኩብሽ። አንቺም «ምነው፣ ባሕር ተሻግረሽ አእምሮሽን እዚህ ረሳሽው እንዴ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። አንቺ ካለሽ፣ አጥር ማዶ ያለችው ማናት?

ከዚያ መቃብሩን ፍለጋ ወጣን። ባለቤቴ በዚያች በተሰባበረች ቋንቋው ዘበኛውን «መቃብር? የኛ ሰው መቃብር?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ወሰደን። ከዛፍ ሥር የድንጋይ ክምር አለ። ዙሪያው ተጠርጓል፣ አረሙ ተነቅሏል፣ ከላዩ ያልጠወለገ አበባ ተቀምጧል። ሰው ያልረሳው መቃብር መሆኑን አይቼ ስለ ጭራሮ አለቀስኩ። ሰሌዳውን ከድንጋዮቹ መካከል ተከልነው፤ እኔ አጠገቡ ተንበረከክሁ፤ ባለቤቴ ፎቶ አነሳኝ።

ካሜራውን ሲያወርድ ፊቱ አመድ መሰለ። የሚያየው ከኋላዬ ነው። ዘወር ስል ሸንበቆ የመሰለች ረጅም ልጅ ውሃ የሞላ ጣሳ ይዛ ቆማለች። ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ጠባሳ ነው። እሷ እኔን አይታ ጣሳውን ለቀቀችው፤ ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ። መልካችን አንድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ወደ ኋላ እያፈገፈገች፣ በኛ ቋንቋ፣ በሹክሹክታ፣ «አንቺ… ሞተሽ የለም እንዴ?» አለችኝ።

እታለም፣ አሁን ትንሽ ውሃ ጠጪ። ያ ክምር የሷ አይደለም። ያንቺ ነው።

ሆስፒታል እንዳለሽ ሞትሽ፣ አስከሬንሽም ወደ አገር ቤት ተወሰደ ብለው ነገሯት። የምትቀብረው ነገር ስለሌላት ትተሽው የሄድሽውን ሰማያዊ ሻሽ ቀብራ ድንጋይ ከመረችበት። በየሳምንቱ ትጠርገዋለች፣ አበባ ታኖርበታለች፣ የቀን ውሎዋን ትነግርሻለች። ዶሮ ስታባርር፣ ስትዘፍን፣ ከራሷ ጋር ስታወራ ያንቺን አነጋገር የምትናገረው እንዳይጠፋባት ብላ ነው። የሚመልስላት ሰው ግን አልነበረም።

«እኔ እህቷ ነኝ። እሷ አለች፣ አልሞተችም» አልኳት። ያልገባት መስሎኝ ደገምኩላት። ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነበር። ያስቆጠርሻትን ፊደል አልረሳችም። በጣቷ እየተከተለች «ለ… ጭ… ራ… ሮ» ብላ አነበበችና ወደ እኛ ዞረች።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ሰሌዳውን ነቅላ፣ አፈሩን አራግፋ፣ «ስሜ ስለሆነ» ብላ ብብቷ ሥር ይዛው ሄደች። ባለቤቴ ካሜራውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ።

የምትኖረው ያንቺን ልብስ ታጥብ ከነበረችው ሴት ጋር ነው። ሴትየዋ እኔን ካየችበት ቀን ጀምሮ ልጅቷን ከኛ ስታሸሽ ኖራለች፤ «መልክሽን ካየች ትታመምብኛለች ብዬ ነው» አለችኝ። ለልጅቷ መርዶውን ማን እንዳረዳት ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ያ ሰው ከሆስፒታል ብቻውን ተመልሶ ሻንጣ ሲያስር፣ ልጅቷ እናቴ ጋ ውሰደኝ ብላ የመኪናውን በር ይዛ አልለቅ ስትል፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ነበር የነገራት። እስከ ዛሬ ልብስና ጫማ ይልክላታል። ይደውልና «በላች? ተማረች? ቁመቷ የት ደረሰ?» ይላል። መልሱን ሰምቶ አይዘጋም፤ ዝም ብሎ ስልኩን ይዞ ይቆያል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የሷን መርዶ ላንቺ ማን እንዳረዳሽ አንቺ ታውቂያለሽ።

ባለሥልጣናቱ ልጅቷ ካንቺ ጋር እንድትወጣ የጉዞ ወረቀት በከለከሉ ጊዜ «ያለ እሷ ንቅንቅ አልልም፣ ከሞትኩም እዚሁ ልሙት» ማለትሽን አልረሳሁም። ሐኪሙም ብትቆዪ እንደምትሞቺ ተናግሮ ነበር። ይህን የምጽፈው ለማንም ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ትቼው ባልፍ ግን ግማሽ እውነት ይሆንብኛል፤ ግማሽ እውነት ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ደግሞ እዚህ በዓይኔ አየሁ።

ባለቤቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። «ይህ ግድግዳ የቆመው ሰው ላልሞተች ልጅ አልቅሶ በሰጠው ነው» አለኝ። «ይህ ከተሰማ ነገ እውነቱን ብንናገርስ ማን ያምነናል? ጣሪያ በሌለው ክፍል ዝናብ የሚወርድባቸው ልጆች ምን አጠፉ?» አልተጣላንም። ያን ሰው እሱም ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። «እሷስ ምን አጠፋች?» አልኩት። ከቢሮው «ፎቶው የታለ? ምነው ዘገያችሁ?» እያሉ ይጨቀጭቁናል። ፎቶው ላይ እኔ ያንቺ መቃብር ላይ ተንበርክኬ አለቅሳለሁ። ባለቤቴ ትናንት አጠፋው። ከካሜራው ጠፋ እንጂ ከኔስ አልጠፋም፤ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ምን ደስታ! በማግስቱ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሳች በተነችው። ሻሽሽን መሬት በልቶት ክሩ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እየመጣች የበራችን ደፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ግቢ ብላት አትገባም። እዚያው ሆና ትጠይቀኛለች። «ዛሬም ጨው ታበዛለች?» «ስትናደድ ዕቃ ታጥባለች?» «ልጆቿስ፣ ያስታውሱኛል?»

አንድ ቀን «ስሞት ሰው አለቀሰልኝ?» አለችኝ።

«አዳራሽ ሙሉ ሰው» አልኳት።

«የማላውቀው ሰው?»

«የማታውቂው።»

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ… እኛን ላኩን።»

ሳቀች። ያን ሳቅ ባልሰማሁት ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሳቋን አቋርጣ፣ «እሷስ? ሰው የልጁን መቃብር ለማየት እንኳ አይመጣም?» አለች።

የሐኪም ነገር፣ የደረትሽ ነገር፣ ሁሉም አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ጥያቄዋን ሳልቀባባው ይኸው ላክሁልሽ፤ የኔ አይደለምና።

የጣሪያው ጉባኤ እየደረሰ ነው። አዳራሹ ይሞላል፣ መብራቱን ይቀንሱታል፣ ማይክራፎኑን ላንቺ ይሰጡሻል። ነርሷን ያስቸኮልኳት ለዚያ ነው። እዚያ ቆመሽ ምን እንደምትይ አልነግርሽም። እውነቱን ብትናገሪ ይህ ቤት ሊዘጋ፣ እኛም ሻንጣችንን ልናስር እንችላለን። ባለቤቴና እኔ ይህን ተነጋግረን ጨርሰናል፤ እሱ ነው መጀመሪያ «ይሁን» ያለው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከጋሼ ጋር ስትነጋገሩ ልጆቹን ጎረቤት ላኪያቸው። ጋሼንም ቆመው እንዳይመልሱልሽ፣ አስቀምጠሽ ጠይቂያቸው።

ዛሬ ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ረፋዱ ላይ መጣች። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። ደፉ ላይ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ አጠገቤ አለፈች፣ አንቺ ትተኚበት የነበረው ክፍል ገብታ አልጋው ላይ ኩርምት ብላ ተኛች። ተነስቼ አለበስኳት። እንቅልፍ ከወሰዳት ቆይቷል። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ተመልሶ በእግሩ ጣት እየተራመደ ነው፤ አሁን የድስት ክዳን አምልጦት እንደ ሌባ ደንግጦ አየኝ። በሩን ክፍት ትቼዋለሁ፤ ትንፋሿ እዚህ ጠረጴዛው ድረስ ይሰማኛል። ትንፋሿ ወጥቶ ሌላው እስኪመለስ ድረስ ብዕሬን አነሳለሁ። ሲመለስ እጽፋለሁ።

እህቴ ሆይ፣ ያቺን ያቆየልን አምላክ ላንቺም ጉልበት ይስጥሽ፤ አንደበትሽንም ልብሽንም እሱ ይያዝልሽ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ጋሼንም ሰላም በይልኝ፤ ከልቤ ነው፣ እንደ ድሮው።

ልጅሽ ከተኛችበት ክፍል አጠገብ፣
ታናሽሽ